ስድስቱ የእንጨት ቤቶችና የእኔ ፊርማ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን መሥሪያ ቤቴ አንድ ጋቢ እና መስታወት የተገጠመለት የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱ «በቆላው የመኖሪያ ቤት ግንባታ ላሳዩት የማያቋርጥ ትጋት» ይላል። ጥላ ሥር ቆሞ ላብ በሚያንጠባጥብ አገር ዕድሜውን ለጨረሰ ሰው ጋቢ መሸለም ማን እንዳሰበው አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ስቄ ተቀበልሁት። የተናደድሁት በኋላ ነው። በገንዳ ውሃ ከተማ ዳር ካቆምናቸው ስድስት የእንጨት ቤቶች የተረፈው አንዱ፣ ሦስተኛው ቤት፣ እንዲፈርስ ተወሰነ። የውሳኔው ደብዳቤ በማስረጃነት የጠቀሰው እኔ የፈረምሁትን ሪፖርት ነው። በዚያ ቤት የምትኖረው አዋላጅ ነርስ፣ ሲስተር ትርንጎ፣ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ቤቴን የሚያፈርሰው የእርስዎ ወረቀት ነው አሉኝ። እውነት ነው?»

እውነት ነው። ይህን የምጽፈውም ስለዚያ ወረቀት ነው። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር፤ ትዝታዬን እጠራጠረዋለሁ። ሰው የራሱን ታሪክ ደጋግሞ ባወራ ቁጥር ራሱን እያሳመረ ይሄዳል፤ እኔም ከዚህ አላመለጥሁም። ስለዚህ በማስታወሻ ደብተሬ ያለውን እንዳለ እናገራለሁ፤ በደብተሬ የሌለውን «ይመስለኛል» እላለሁ።

በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብሁት አብደራፊ ነበር። የሰሊጥ መጋዘን እሠራ ነበር፤ ቆርቆሮ ጣራ፣ ቆርቆሮ ግድግዳ። ለሰሊጥ ይበቃል። ቀጥሎ ለሠራተኞች መኝታ ንደፍ ተባልሁና ያንኑ የመጋዘን ንድፍ አሳጥሬ መስኮት አወጣሁለት። ሠራተኞቹ ውስጡ መተኛት ትተው ደጅ በጆንያ ላይ ያድሩ ጀመር። ለአለቃዬ ነገርሁት። አለቃዬ ወንበሩን ከኒም ዛፍ ሥር አስቀምጦ፣ ጥላው በዞረ ቁጥር ወንበሩን እያዞረ የሚውል ሰው ነበር። «ቆርቆሮ ምን ጎደለው?» አለኝ፣ ወንበሩን ጥቂት ወደ ጥላው ሳብ አድርጎ። ይህን ጥያቄ በሥራ ዘመኔ ከብዙ አለቃ አፍ ሰምቼዋለሁ። ሁሉም ሲጠይቁኝ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር።

ከዚያ መተማ ተዛወርሁ። እዚያ የብሎኬት ዘመን መጣ። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ የተሸከመውንም ግድግዳ አብሮ ይሰነጥቃል። በአንዱ የመምህራን ቤት ስንጥቅ ውስጥ እጄን እስከ አንጓዬ አስገብቼ አውቃለሁ። ሲሚንቶው ድንጋይ በእሳት ከሚቃጠልበት ሩቅ ፋብሪካ በከባድ መኪና እየተጫነ ይመጣል፤ እዚህ ደርሶ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ የሚተፋ ግድግዳ ይሆናል። የመምህሩ የበረሃ አበል ለቬንቲሌተርና ለመብራት ያልቃል፤ መብራት ሲጠፋ ቬንቲሌተሩ ጌጥ ነው። ዓመት ሳይሞላው ዝውውር ይጠይቃል። ምጥ የያዛት ሴት ጤና ጣቢያ ስትደርስ አዋላጅ የለም፤ አዋላጇ መተኛት አቅቷት ሄዳለች። ይህ የግንባታ ጉዳይ አይደለም የሚል ሰው ካለ፣ በግንቦት አንድ ከሰዓት በዚያ ቤት ይቀመጥና ይንገረኝ።

ገንዳ ውሃ ስደርስ የእንጨት ቤቶቹ ሥራ መጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ደጋ ላይ የበቀለ ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል፣ በሚገባ ይደርቃል፤ ጣውላው አንዱ ረድፍ ቁም፣ ቀጣዩ አግድም እየተደረገ በማጣበቂያ ይነባበርና በመጭመቂያ ይታሰራል። ከመዳፍ የሚሰፋ ውፍረት ያለው አንድ ወጥ ግድግዳ ይወጣዋል። በሩና መስኮቱ ፋብሪካው ውስጥ ተቆርጦለት፣ ቁጥር ተጽፎበት በመኪና ይመጣል፤ እኛ የምንሠራው መገጣጠም ብቻ ነው። ዛፉ ሲያድግ ከአየር የሳበውን ካርቦን ግድግዳው ይዞት ይቀመጣል። ክብደቱ ዋልካውን አያስጨንቀውም። ወፍራም እንጨት ሙቀትንም በቶሎ አያሳልፍም። የመንግሥት ሠራተኛ በደመወዙ ሊከራየው የሚችል፣ ያለ ቬንቲሌተር የሚያስተኛ ቤት ነው። ሥዕሉን ሳየው ለአብደራፊው መኝታ ቤት የምክስበት ዕድል መሰለኝ።

ዋና አናጺ አድርጌ የያዝሁት አያ ታከለን ነበር። ከደጋ በልጅነታቸው ወርደው መተማ ያረጁ ሰው ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝን አከብራለሁ፤ ቤት ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው። አያ ታከለ ማንኛውንም ቤት አንድ ጊዜ ዙሪያውን ሳይዞሩ ወደ ውስጥ አይገቡም፤ የሠርግ ቤትም ቢሆን። ሲዞሩ ዓይናቸው ጣራ ላይ ሳይሆን ግድግዳው መሬት በሚነካበት ቦታ ላይ ነው። ከዚያ በጣታቸው አንጓ ግድግዳውን ያንኳኳሉ። የእንጨቱን ድርቀት በመሣሪያ ለክቼ ስነግራቸው፣ ፍቅፋቂውን አንሥተው በፊት ጥርሳቸው ነከስ ያደርጉና «መሣሪያህ ልክ ነው» ይሉኛል። ከፋብሪካ የመጣው የቀለም ቁጥር በመንገድ አቧራና በእጅ መዳበስ ይጠፋ ነበርና፣ እሳቸው መኪናው እንደቆመ በየግድግዳው ጠርዝ ላይ በመሮ ጭረት ያወጡበታል፤ አንድ ጭረት አንደኛ ቤት፣ ሁለት ጭረት ሁለተኛ ቤት እያሉ።

ክሬን አልነበረንም። ከአንድ የሰሊጥ እርሻ ትራክተር ለምነን፣ ግድግዳውን በሰንሰለት እያንጠለጠልን ነበር የምናቆመው። የከተማው ሰው ሥራ ፈትቶ ሊያይ ይመጣል። የትራክተሩ ሹፌር ከላይ ሆኖ ይጮኻል፦

«አያ ታከለ! ሙት እንጂ ሰው ሳጥን ውስጥ ይኖራል እንዴ?»

«አንተ ብቻ ቀስ ብለህ አንሣ» ይላሉ አያ ታከለ። «አለዚያ መጀመሪያ የምትገባበት አንተ ነህ።»

የቆላ ጠላት ምስጥ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት የቆመው ጉልበት በሚደርስ የኮንክሪት ምሰሶ ላይ ነው። በምሰሶውና በእንጨቱ መካከል ጠርዙ ወደ ታች የታጠፈ የቆርቆሮ ክፈፍ አለ፤ አያ ታከለ «ቆብ» ብለው ሰየሙት። ምስጥ ከመሬት ተነሥቶ የጭቃ መንገዱን እየሠራ ይወጣል፤ ቆቡ ጋ ሲደርስ ግን ዞሮ መውጣት ስላለበት መንገዱ በግልጽ ይታያል። አይተህ በመጥረጊያ ትጠርገዋለህ፤ አለቀ። ይህ የሚሠራው ግን ከሥር ያለው ክፍተት ክፍት ሆኖ ከቆየና አፈር ግድግዳውን ካልነካ ብቻ ነው።

በስድስቱ ቤቶች መምህራንና የጤና ሠራተኞች ገቡ። ሲስተር ትርንጎ ሦስተኛው ደረሳት። በገባች በሳምንቷ በመንገድ ሳልፍ ጠራችኝና የቅቤ ዕቃ ከፍታ አሳየችኝ። «ጋሼ፣ ይዩልኝ፤ ረግቷል!» መተማ ላይ ቅቤ እንደ ዘይት ይቀዳል እንጂ በማንኪያ አይቆረጥም። ከጤና ጣቢያ ቴርሞሜትር ተውሼ በእሷና በአንድ የብሎኬት ቤት ውስጥ በዘጠኝ ሰዓት የለካሁት በደብተሬ አለ። እኔ የማልረሳው ግን ማንኪያውን ነው።

አሁን ወደ ውድቀቱ ልግባ።

ነዋሪዎቹ ቤቱን ወደዱት፤ ሁለት ነገር ግን አልወደዱም። አንደኛ፣ ከወለሉ ሥር ያለውን ክፍተት ፈሩት፤ እባብና ጊንጥ ይገባበታል አሉ፤ ይገባበታልም። ሁለተኛ፣ ንድፉ መቀመጫ አልነበረውም። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሰው ደጅ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ካልተቀመጠ ምኑን ቤት ሆነ? ንድፉን የሠሩት ሰዎች የቆላ ሰው ቤቱ ውስጥ ሳይሆን በቤቱ ጥላ ሥር እንደሚኖር አላወቁም፤ እኔ ግን አውቅ ነበር፤ ዝም አልሁ። ስለዚህ ነዋሪው የሚያውቀውን አደረገ። ክፍተቱን በጭቃ ደፈነው፤ ከግድግዳው ጋር አያይዞም መደብ ሠራ፤ ለስላሳ፣ በእበት የተለቀለቀ፣ ከቤቱ ዙሪያ የሚሄድ መደብ። ቆቦቹ ሁሉ በአፈር ውስጥ ተቀበሩ። ለምስጡ ጨለማ፣ እርጥብ፣ ማንም የማያየው መንገድ ተሠራለት፤ ከመሬት በቀጥታ ወደ ግድግዳው።

በርክክቡ ቀን ስድስቱን ቤተሰብ ሰብስቤ «አፈር ግድግዳውን እንዳይነካ» ብዬ እንደነገርኋቸው ለዓመታት ሳወራ ኖሬአለሁ። ፀሐዩን፣ የቆምሁበትን ድንጋይ ሳይቀር አስታውሳለሁ። የርክክብ ቅጹ ግን ለእንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ቦታ የለውም፤ አልተጻፈበትም። ደብተሬን ስገልጥ ያገኘሁት አንድ መስመር ነው፦ «የመደብ ነገር በቃል ይነገራቸው።» መነገሩን የሚናገር ግን ምንም የለም።

በሁለተኛው ዓመት አያ ታከለ ቢሮዬ መጡ። የሲስተር ትርንጎን ቤት ዞረው አይተው፣ ተጣልተዋት፣ መደቧን በዶማ አፍርሰውባታል። በምትኩ ከተራፊ እንጨት በራሱ እግር የሚቆም፣ ከግድግዳው አንድ መዳፍ የሚርቅ አግዳሚ ሠሩላት፤ ክፍተቱንም እባብ በማያሳልፍ የሽቦ ወንፊት ከበቡት።

«አምስቱ ቤት ግን አያስነኩኝም» አሉኝ። «መንግሥት ነህ ወይ ይሉኛል። አንተ ደብዳቤ ጻፍልኝ፤ መደብ ይፍረስ የሚል።»

ለኃላፊያችን ነገርሁት። «ለመደብ ደብዳቤ ይጻፋል እንዴ? ሰው ይስቅብናል» አለና ሳቀ። እኔም አብሬው የሳቅሁ ይመስለኛል። አልሳቅሁም ብዬ ለመማል ግን የሚያስችለኝ ነገር የለኝም። ደብዳቤው አልተጻፈም።

በሦስተኛው ክረምት በአምስተኛው ቤት የሚኖረው መምህር የልጆቹን ፎቶ ሊሰቅል ሚስማር ቢያስጠጋ፣ ሚስማሩ ያለ መዶሻ በአውራ ጣቱ ገባ። ግድግዳውን ስንፈታው ውጩ ደህና፣ ውስጡ እንደ ተቀዳደደ ወረቀት ነበር። አምስቱም እንደዚያው ነበሩ። አምስት ቤተሰብ በክረምት ዕቃውን በባጃጅ ጭኖ ወጣ። መምህሩ ምንም አልተሳደበም፤ ፎቶውን በጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር አድርጎ ሄደ። ቢሰድበኝ እመርጥ ነበር።

ከዚያ ሪፖርት ተጠየቀ። ቅጹ ላይ «ለጉድለቱ ተጠያቂ» የሚል ባዶ መስመር አለ። የመደቡን ነገር ሁለት ገጽ ጽፌ አቀረብሁ። ኃላፊው ሳያነበው መለሰልኝ።

«ይሄ ተረት ነው። እንጨት ለቆላ አይሆንም በል። መስመሩ ላይ ደግሞ አናጺው በደንብ ያልደረቀ እንጨት ገጥሟል በል።»

«ያደረቀው ፋብሪካው ነው። ለክቼዋለሁ።»

«ፋብሪካውን ከጻፍን ክስ ይመጣል። ነዋሪውን ከጻፍን ጩኸት ይመጣል። ታከለን ብንጽፍ ማን ይመጣል?»

ማንም አልመጣም። ፈረምሁ። የልጆች ትምህርት፣ የዝውውር ማስፈራሪያ፣ ይህን ሁሉ ምክንያት አድርጌ መደርደር እችላለሁ፤ ሌላውም ሰው ይደረድራል። ከዚያ ወዲህ አያ ታከለ በመንግሥት ሥራ አልተጠሩም። አምስቱ ቤቶች ፈረሱ። ሦስተኛው ቤት በሽቦ ወንፊቱና በአግዳሚው ብቻውን ቀረ፤ ደህና ቤት ለምን ደህና እንደሆነ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ አልጠየቅሁም፤ መልሱን ስለማውቅ።

ሲስተር ትርንጎ በደወለች ማግስት ከምኖርበት ከጎንደር አውቶቡስ ተሳፈርሁ። መተማ ወረድሁና የአያ ታከለን የበርና መስኮት ሱቅ ጠይቄ አገኘሁት። ራኩባቸው ሥር፣ በእንጨትና በሣር በተሠራው ጥላ፣ አንድ መቃን እየላጉ ነበር። መላጊያውን ሳያቆሙ አዩኝ።

«መጣህ፣ ኢንጂነር።»

«መጣሁ፣ አያ ታከለ። እንደምን ሰነበቱ?»

«ያልደረቀ እንጨት ገጠመ ብለህ ጻፍክብኝ አሉ።»

«ጽፌአለሁ።»

«ነክሼው ነበር እኮ» አሉ። ከዚያ የሥራ ልብሳቸውን አራግፈው፣ ምንም ሳልጠይቃቸው፣ አብረውኝ ሚኒባስ ተሳፈሩ።

ሲስተር ትርንጎ በአግዳሚው ላይ አስቀመጠችን። የመጣሁት ውሳኔውን ለማስቀልበስ መሆኑን፣ የቀድሞው ኃላፊ እንዴት እንደዋሸ፣ እኔ በርክክቡ ቀን ያን ያህል አስጠንቅቄ ነዋሪው እንዳልሰማኝ፣ ሁሉንም በንዴት ተናገርሁ። ስጨርስ እሷ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ የትኛውን ቀን ነው የሚሉት?»

«ቁልፍ የሰጠናችሁን ቀን ነዋ።»

«የዚያን ቀን ቁልፉን ሰጥተውን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ ሄዱ። ስለ አፈር የነገሩን ነገር የለም። የመጡት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ መደቤን ያስለቀለቅሁ ሰሞን። እዚህችው ጋ ተቀምጠው ውኃ ሰጠሁዎ። እግርዎን ዘርግተው፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ‹አሁን ገና ቤት ሆነ› አሉኝ። እኔማ ደስ ብሎኝ ለጎረቤቶቼ ሁሉ ነገርሁ። ኢንጂነሩ ወደደው አልኋቸው። ከዚያ በኋላ አይደል እንዴ ሁሉም የሠራው?»

አላስታውስም ነበር። አሁንም የማስታውሰው እሷ ስለነገረችኝ ይሁን ስለሆነ መለየት አልችልም። የጀርባዬ ቅዝቃዜ ግን ትዝ አለኝ፤ ቀን ሙሉ በፀሐይ ዞሬ የተደገፍሁት እንጨት ቅዝቃዜ። የዋልካን ባሕርይ፣ የምስጥን መንገድ፣ የቆቡን ሥራ ሁሉ አውቅ ነበር። መደብ ግን ለዓይኔ አፈር አልነበረም፤ ካደግሁበት ቤት ጀምሮ መቀመጫ ነበር። አምስት ቤት የፈረሰው በዚያ ነው። ወደ አያ ታከለ ዞርሁ። መሬት መሬት ያያሉ።

«ያውቁ ነበር?»

«ነግራኛለች» አሉ። «ለዚህ ነው ደብዳቤውን ካንተ የፈለግሁት። ይሁን ያልኸው አንተ ነህና፣ አይሁን ማለት የምትችለውም አንተ ነበርህ።»

በማግስቱ መሥሪያ ቤት ሄድሁ። አዲሱ ኃላፊ ወጣትና ትሑት ነው፤ ከመቀመጫው ተነሥቶ ነው የተቀበለኝ። የማስተካከያ ሪፖርቴን አየት አድርጎ መለሰልኝ።

«ጋሼ፣ አክብሮታችን እንዳለ ሆኖ፣ ጡረታ የወጣ ሰው ሪፖርት አያሻሽልም። ማህተም የለዎትም።»

«የዋሸሁ ቀን ማህተም ነበረኝ» አልሁት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ከጎረቤት ክፍል ሰው ብቅ አለ። «ያን ቀን የጠየቀኝ ሰው የለም። እውነቱን ስናገር ነው ማህተም የሚጠየቀው? ቤቱን ሄዳችሁ እዩ! በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ከቆመ ጀምሮ ከዚህ መሥሪያ ቤት ማንም ሥሩን ጎንበስ ብሎ አላየውም!»

መፍትሔውን ያገኘችው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናት። ሪፖርቱን ያዘጋጀው ሰው ራሱ ከሆነ በአባሪነት ማያያዝ ይቻላል አለች፤ የተጠያቂው መስመር ባዶ እስካልሆነ ድረስ። ቅጹ ግድ የሚለው ስም መኖሩን ነው። በዚያ መስመር የአያ ታከለን ስም ሰረዝሁና የራሴን እስከ አያቴ ጻፍሁ። ምክንያቱን ከሥሩ አሰፈርሁ፦ «መደቡን አይቶ፣ ተቀምጦበት፣ አጽድቋል። እንዲፈርስ ሲጠየቅ አልጻፈም።»

በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ሁለት ሰዎች አስከትሎ ወደ ሦስተኛው ቤት መጣ። ሱሪው እንዳይቆሽሽ ጥቂት አመነታና ተንበርክኮ ከሥር አየ። ተነሥቶ በሩን ከፍቶ ገባ፤ ውጭው ይነድ ነበርና ቶሎ አልወጣም። የማፍረሱ ውሳኔ ተነሣ። ሲስተር ትርንጎ ቤቷ ቀረላት። በአጠገቡ ሊሠሩ የታቀዱት አዳዲስ ቤቶች ግን በብሎኬት መሠራታቸው አልተለወጠም፤ ጨረታው ወጥቷል አለኝ። እንደገና ተናደድሁ፤ እንደገናም ጻፍሁ። የዚያ ደብዳቤ መልስ እስካሁን አልመጣም።

ሰዎቹ ሲሄዱ የአባሪውን ቅጂ ለአያ ታከለ ሰጠኋቸው። ከዓይናቸው አርቀው ይዘው፣ ቃል በቃል በከንፈራቸው እያነበቡ ጨረሱት። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቤቱን ይዞሩ ጀመር። በስተ ምሥራቅ ባለው ማዕዘን ቆሙና በጫማቸው ጫፍ መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። የዝናብ ጎርፍ ያመጣው አፈር ምሰሶው ሥር ተከምሮ ወደ ቆቡ ሊደርስ ስንዝር ቀርቶታል።

«ትርንጎ፣ ዶማ አለሽ?»

«አለ፣ አያ ታከለ። ልቆፍር?»

«አንቺ አይደለሽም» አሉና ዶማውን ተቀብለው ለእኔ ሰጡኝ።

ጎንበስ ብዬ ቆፈርሁ። አራቱንም ማዕዘን፣ ከዚያ የመካከሎቹን ምሰሶዎች ዞርሁ፤ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ትርንጎ ውኃ ይዛ ተከተለችኝ፤ ይረፉ ግን አላለችኝም። የመጨረሻውን ስጨርስ አያ ታከለ በጉልበታቸው ተንበርክከው ጣታቸውን በቆቡ ጠርዝ ዙሪያ አስኬዱ። አንሥተውም አሳዩኝ። ደረቅ አቧራ ብቻ ነበር።